የውርጭ ትራሶችን ሐረር ላይ ማሳደግ

ድሬዳዋ የምትኖሩ ይቅርታ አድርጉልን፤ የውርጭ ትራስ የምንለው የከፍተኛ ተራራ ተክል ለእናንተ አይሆንም። 1,200 ሜትር አካባቢ ባለ ቆላ ሌሊቱም ስለማይበርድ ተክሉ ቀን ያመረተውን ምግብ ሌሊት ሲተነፍስ አድሮ ይጨርሰዋል። ሐረር ግን 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ወይና ደጋ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ አየሩም ደረቅ ነው። መሞከር የሚቻለው እዚያ ነው፣ ያውም ዝርያ ተመርጦ።

ትራስ የምንላቸው ዛፍ በማይበቅልበት ከፍታ፣ ውርጭና ነፋስ ላይ የሚኖሩ፣ ግንዳቸው አጥሮና ተጠቅጥቆ መሬት ላይ ጉብ የሚሉ ተክሎች ናቸው። ቤተሰባቸው የተለያየ ነው፤ ቅርጹን ያመሳሰለው ኑሯቸው ነው። የሞተው ቅጠል አይረግፍም፤ ጉብታው ውስጥ ተከማችቶ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይይዛል። ተራራ ላይ ሕይወት የሚያቆየው ይህ ስፖንጅ፣ ሐረር ላይ በሐምሌና በነሐሴ ለብ ባለ ሌሊት ተክሉን ከመሃሉ ያበሰብሰዋል። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

መጀመሪያ የያዛችሁትን እወቁ። ሳያብቡ ሁሉም ሽበት (ድንጋይ ላይ የሚወጣው አረንጓዴ) ይመስላሉ፤ በተሳሳተ ስም መሸጣቸውም የተለመደ ነው። 10 ጊዜ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር ያዙና ከቅጠሉ ጀምሩ። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ከወጡ ብዙውን ጊዜ የሲሌኔ፣ የሳጂና ወይም የአሬናሪያ ወገን ነው። በክብ ተደርድረው ጫፋቸው ላይ ነጭ የኖራ ነጠብጣብ ካለ ሳክሲፍራጋ ነው፤ ኖራውን በጥፍር ብትፍቁት ይነሳል፣ ከሥሩ ጥቃቅን ጉድጓድ ይታያል። ሁሉም ሳክሲፍራጋ ግን ኖራ አያወጣም፣ ስለዚህ ኖራ ስላጣችሁ ብቻ አትጣሉት፤ አበባውን ጠብቁ።

አበባው ከመጣ ነገሩ ይቀላል። አራት የአበባ ቅጠል በመስቀል ቅርጽ፣ ስድስት የወንዴ ክሮች፣ ከስድስቱ ሁለቱ አጠር ያሉ ከሆነ ድራባ ነው፤ የጎመን ዘመድ። አምስት የተለያዩ የአበባ ቅጠሎች፣ አሥር የወንዴ ክሮችና መሃል ላይ እንደ ሁለት ቀንድ የተከፈለ ፍሬ ካየህ ሳክሲፍራጋ። አምስቱ ከሥራቸው ተጋጥመው አጭር ቱቦ ከሠሩና የቱቦው አፍ ዙሪያውን ቢጫ ወይም ቀይ ቀለበት ካለው አንድሮሳሴ። አበባውን ከሥር ያቀፈው ሽፋን እንደ ከረጢት የተገጠመ፣ በውስጡ ሦስት የሴቴ ክሮች ያሉት ሲሌኔ ነው። ሴምፐርቪቩም በቁጥር ይለያል፤ የአበባ ቅጠሉ ስምንትና ከዚያ በላይ ነው።

የራሳችንም አሉ። ባሌ ውስጥ ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው ሳነቲ አምባ ላይ ብርማ፣ ጫፉ እሾሃማ ሆኖ የተጠቀጠቀው ቁጥቋጦ ሄሊክሪሰም ሲትሪስፒነም ነው፤ አበባው ደርቆ የቆየ ወረቀት ይመስላል። በአጉሊ መነጽር ተንበርክኮ ማየት ይበቃል። ከፓርክ አይነቀልም፤ ቢነቀልም ረጅሙ ዋና ሥር ስለሚበጠስ አይጸድቅም።

ለሐረር የምንመርጠው ሳክሲፍራጋ ፓኒኩላታ፣ ሴምፐርቪቩምና ከማዕከላዊ ስፔን ተራሮች የመጣው አርሜሪያ ጁኒፐሪፎሊያ ነው። ሲሌኔ አካውሊስ ይበቅላል፣ ግን በቂ ብርድ ስለማያገኝ አበባ ይነፍጋል። አንድሮሳሴ አልፒና ገንዘብ ማባከን ነው።

አፈሩ አፈር መምሰል የለበትም። በክብደት ሳይሆን በስፍር፦ 4 እጅ ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር የተነፋ ስኮሪያ ወይም ፑሚስ (ለብሎኬት የሚገባው ቀላል ድንጋይ)፣ 1 እጅ የታጠበ ሻካራ አሸዋ፣ 1 እጅ በደንብ የበሰለ የቅጠል ብስባሽ። ዱቄቱን በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ነፍታችሁ ጣሉት፣ ድንጋዩንም ውሃው እስኪጠራ እጠቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ያልታጠበ ስኮሪያ በሦስት ወር ውስጥ ደቃቁ ወደ ታች ወርዶ እንደ ጭቃ ይደፍነዋል። ለሳክሲፍራጋ ፓኒኩላታ አንድ እፍኝ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ጨምሩ፤ ድሬዳዋ አካባቢ የኖራ ድንጋይ ሞልቷል። የሚቀባው ኖራ ግን ሥር ያቃጥላል፣ አትሞክሩት። ማሰሮው ሲሞላ አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍስሱበት፤ ላዩ ላይ ተኝቶ ከቆየ እንደገና ንፉ።

ማሰሮው ያልተቀባ ሸክላ፣ 12 ሴንቲሜትር ስፋትና 15 ጥልቀት ያለው፣ ከሥሩ የተበሳ ይሁን። እሱን ደግሞ በሁሉም ጎን ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር በሚሰፋ ሌላ የተበሳ ሸክላ ውስጥ አስቀምጡና መሃሉን በአሸዋ ሙሉት። ውሃ የሚጠጣው አሸዋው ነው፤ እርጥበቱ በሸክላው ግድግዳ እየሰረገ ሥሩን ያረካል፣ ከውጪው ግድግዳ ሲተን ደግሞ ያቀዘቅዘዋል፤ የእንስራ ውሃ የሚቀዘቅዝበት ዘዴ ነው። በበጋ አሸዋው በየ3 ወይም 4 ቀኑ፣ በክረምት ሲነካ ደረቅ ሲሆን ብቻ። ጉብታው ላይ ውሃ አይፈስም። ከተክሉ አንገት ሥር 2 ሴንቲሜትር ጠጠር አንጥፉ፤ ቅጠሉ እርጥብ አፈር ላይ እንዳይተኛ።

ቦታው ወደ ምሥራቅ የዞረ፣ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከዚያ በኋላ ጥላ የሚሆን። ለክረምት ከላይ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቆርቆሮ፣ አራቱም ጎን ክፍት። ጎኑን በላስቲክ መዝጋት ብስባሴውን ያፋጥናል፣ ነፋስ ነው መድኃኒቱ።

ዘር ከውጭ የሚያስመጣ ሰው አስቀድሞ ስለ እፅዋት ጤና ምስክር ወረቀትና ስለ ማስገቢያ ፈቃድ ይጠይቅ። ዘሩ ብርድ ካልቀመሰ ብዙው አይነቃም። በነሐሴ አጋማሽ እርጥብ (የማይንጠባጠብ) አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ በላስቲክ አስራችሁ ፍሪጅ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ 4 ዲግሪ ላይ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት። በረዶ መሥሪያው ውስጥ አይደለም። በየሳምንቱ እዩት፤ የበቀለ ካለ ወዲያው አውጡ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱት፣ ጥቂት ሰዓት አይጎዳውም። በጥቅምት አፈሩ ላይ በትኑትና 2 ሚሊሜትር ጠጠር አልብሱት። ሁለት ሦስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ወደ ራሱ ማሰሮ ይዛወራል፤ ከዚያ ዘግይቶ ሥሩ ስለሚረዝም ይጎዳል።

የጉብታው መሃል ቡናማ ሲሆን በጣት ተጫኑት። ረጥቦ ከሰረጎደ ብስባሴ ነው፦ በወረንጦ ጤነኛ አረንጓዴ እስክታገኙ ነቅሳችሁ አውጡ፣ ጉድጓዱን በደረቅ አሸዋ ሙሉት፣ ለሁለት ሳምንት ውሃ አቁሙ። ደርቆ እንደ ገለባ ከተንኮሻኮሸ ጥማት ነው፣ ወይም ሥሩ ላይ ነጭ ዱቄት የለበሰ ነፍሳት አለ፤ ማሰሮውን ገልብጣችሁ እዩ። አጠቃላይ ጉብታው ላልቶ ቅጠሎቹ ከተራራቁ ጥላ ወይም ማዳበሪያ በዝቶበታል። ማዳበሪያ በዓመት ሁለቴ፣ ከማሸጊያው መጠን ሩቡ ይበቃዋል። ዩሪያ ጨርሶ አይቀርበውም። ጉብታው ላይ ከውጪ በኩል የሞተ ቅጠል ስታዩ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ስትጎትቱት ሕያዉም ይከተላል፣ በተቀደደው በኩል ሻጋታ ይገባል። በመቀስ ቁረጡት።