ከቀለሙ በፊት መሰላሉ

ለፋሲካ ቤታችንን ላስቀባ ብዬ ሦስት ቀቢዎች አነጋገርኩ። ሁለቱ በር ላይ ቆመው በካሬ ዋጋ ጠሩልኝ። ሦስተኛው ግን ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰና የቀረበትን ነጭ ዱቄት አሳየኝ፦ «እህቴ፣ ይሄ ሳይፋቅ ከተቀባ ክረምቱን ሳይሻገር ይላጣል።» እሱን ያዝኩ።

ውጭውን ሊጀምር ሲመጣ ቀድሞ ያየው በረንዳችን አጠገብ የሚያልፈውን የመብራት ሽቦ ነው። የብረት መሰላሌን «አይሆንም» ብሎ መለሰልኝ። የእንጨቱን ለ4 ሜትር ከፍታ እግሩን 1 ሜትር ከግድግዳው አርቆ አቆመው፤ ረዳቱም ከሥር ያዘለት። (ጎረቤታችን ያመጣው ልጅ በርሜል ላይ ወንበር ደርቦ ሲቀባ አይቼ ዓይኔን ጨፍኜ አልፌያለሁ።)

የተጨቃጨቅነው በመስኮቶቹ ነው። የድሮውን የዘይት ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ሊፍቀው ነበር። የድሮ ቀለም እርሳስ (መርዛማው ብረት) ሊኖረው ይችላል፤ ዛሬ በሕጋችን ከሚሊዮን 90 እጅ መብለጥ የለበትም፣ የእኛ መስኮት ግን ከሕጉ በፊት የተቀባ ነው። ውሃ እያርከፈከፈ እንዲፍቅ ለመንኩት፣ ማስክም ገዛሁለት። ምሳ ሰዓት ላይ ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ረሳው። እማዬና ሕፃኑ ሦስት ቀን አክስቴ ቤት አደሩ።

ሽቦው አጠገብ ያለችው ጥግ እስከ ዛሬ አልተቀባችም። «መብራቱ ካልጠፋ አልነካትም» አለኝ።