መጀመሪያ ድንጋዩን አሳየኝ

ሜሪላንድ ውስጥ ጌጣጌጥ ቤት ነው የምሠራው። ፊት ለፊት ቆሞ ከሚሸጠው ሳይሆን፣ ከኋላ ጎንበስ ብሎ ከሚሞርደው ወገን ነኝ። ገና አካባቢ አንድ የኛ ልጅ መጣ። ሊያገባ ነው። እጮኛው አሜሪካዊት ናት፣ ከአያቷ የወረሰችው አልማዝ አላት። ልጁ ድንጋዩን በወረቀት ጠቅልሎ፣ ከኢንተርኔት ያዘዘውን ባዶ ቀለበት ደርቦ ይዟል። ቀለበቱ ነጭ ወርቅ ነው፣ ድንጋዩን የሚይዝ አራት ጥፍር ያለው፣ ለ6.5 ሚሊ ሜትር ክብ ድንጋይ የተሠራ።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ቁጭ ያድርጉልኝ፣ ሌላ ሥራ የለውም» አለኝ።

ወረቀቱን ፈታሁት። ክብ የሚባል ነገር የለውም። «ኦልድ ማይን» የሚባለው የጥንት የእጅ ቅርጽ ነው። አራት ማዕዘን ሊሆን አስቦ መሀል ላይ ሐሳቡን የቀየረ ይመስላል። ስለካው በአንድ በኩል 6.8፣ በሌላው 6.3 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱ 4.3። ማዕዘኖቹም እኩል አይደሉም። ያኔ ጠራቢው አንዱን አልማዝ በሌላው እየፈተገ ነበር ዙሪያውን በእጁ የሚያወጣው፣ ለዚህ ሥራ ቦስተን ውስጥ ማሽን የመጣው በ1870ዎቹ ነው፣ ስለዚህ ክብደት እንዳይባክን ድንጋዩ ከመሬት ሲወጣ የነበረውን ቅርጽ ይከተላል።

ሌላ ሱቅ «መሀሉ ቀዳዳ አለው፣ ክብ አድርገን እንቅረጸው» ብለውታል። አሁን ይሄ ምክር ነው? ቀዳዳ አይደለም። የታችኛው ጫፉ እንደ ዛሬዎቹ ሹል ሳይሆን ጠፍጣፋ ነው፣ ከላይ ሲያዩት ትንሽ መስኮት ይመስላል። የአሮጌ አልማዝ ወዳጆች የሚፈልጉት ይሄንኑ ነው። ቢቀረጽ ክብደቱም ይወርዳል፣ የአያትየውም ድንጋይ መሆኑ ይቀራል።

አለቃዬ ደግሞ ከጎን «ጥፍሩን ከፈት አድርገህ አስገባውና ጨርስ፣ የፈለገው ራሱ ነው» ይላል። አልማዝ ምን ይሆናል ብሎ ነው። አልማዝን የሚጭረው ሌላ አልማዝ ነው፣ እውነት ነው፣ ግን ልክ እንደ ማገዶ መስመሩን ካገኙት ይፈለጣል። የዚህኛው ወገብ፣ ማለትም የዙሪያው ጠርዝ፣ በአንድ በኩል በጣም ስስ ነው፣ አንዱ ማዕዘን ላይም የድሮ ስብራት አለ። እዚያ ላይ ጥፍር መጫን አልፈልግም።

ድንጋዩን ወረቀት ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን በእርሳስ ነደፍኩና ቀለበቱን ከላዩ አደረግኩት። ሁለቱ ጥፍሮች ድንጋዩ ላይ አረፉ፣ ሁለቱ ባዶ ቦታ ላይ ቀሩ። ልጁ ዝም አለ።

«ሥራዋ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ነርስ ናት።»

«ጓንት ታደርጋለች?»

«ቀኑን ሙሉ።»

በቃ፣ ለኔ እዚያ ላይ አለቀ። ከፍ ያለ ጥፍር ጓንት ይቀድዳል፣ ጓንቱ ደግሞ ጥፍሩን እየጎተተ ያላላዋል። የድንጋዩን ዙሪያ ተከትሎ የሚያቅፍ የወርቅ ክፈፍ ነው የሚያስፈልጋት። በስልክ ደወለላትና አስረዳኋት። «ብርሃን አይዘጋበትም?» አለች፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ብርሃኑ በዋናነት የሚገባውም የሚመለሰውም በላይ በኩል ነው። አልማዝን የሚያደበዝዘው ከሥሩ የሚጠራቀም ሳሙናና ቅባት ነው፣ ስለዚህ ብሩሽ እንዲገባ ሥሩን ክፍት እተወዋለሁ አልኳት።

ክፈፉን በ22 ካራት ቢጫ ወርቅ ሠራሁት፣ ለስላሳ ስለሆነ ድንጋዩ ላይ ሲታጠፍ ብዙ ጉልበት አይጠይቅም። ጣት ላይ የሚውለውን ክፍል ግን በ14 ካራት አደረግኩት፣ 22 ቶሎ ይጣመማል። ቢጫ የመረጥኩት ድንጋዩ ራሱ ትንሽ ቢጫ ስላለበት ነው፣ ነጭ ብረት ውስጥ ቢቀመጥ ያሳብቅበት ነበር። በተሰበረው ማዕዘን በኩል ወርቁን ወፈር አድርጌ ሸፈንኩት። በጠቅላላ ከታሰበው በላይ ጊዜ ወሰደ፣ አለቃዬም ሲያጉረመርም ከረመ።

ሊወስዱት ሁለቱም መጡ። እሷ ወዲያው ቦርሳዋ ውስጥ የነበረውን ጓንት አውጥታ ሞከረችው፣ ገባ፣ ወጣ፣ አልያዘም። ልጁ ግን ያን የኢንተርኔት ቀለበት አልረሳውም፣ ሻጮቹ አንመልስም ብለውታል።

«ጋሼ፣ ለዚህስ የሚሆን ክብ ነገር አይጠፋም?»

6.5 ሚሊ ሜትር ክብ ሞይሳናይት፣ አልማዝ የሚመስል ሰው ሠራሽ ድንጋይ፣ እንደልብ ነው፣ ዋጋውም አይጎዳም አልኩት።

«እንግዲያው ለእማዬ ያድርጉልኝ። የጣቷን ልክ ዛሬ ማታ አዲስ አበባ ደውዬ እጠይቃለሁ።»