ሰገሌ መቼ ነበር?

ዛሬ ጠዋት ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ሳይነሳ ለላይብረሪ ተማሪዎቼ ቀላል የምትመስል ጥያቄ ሰጠኋቸው፤ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የተማረኩበት የሰገሌ ጦርነት መቼ ነው? ስልክ ይፈቀዳል። ግማሹ 1909፣ ግማሹ 1916 አለ። ክፍሉ ሰኞ ገበያ ሆነ (ቀኑ ሐሙስ ቢሆንም)። "ቲክቶክ ላይ አይቻለሁ" ያለም አለ፤ እሱን ለሌላ ቀን አቆይቼዋለሁ። አንዷ ከኋላ እጇን አወጣች፦ "መምህር፣ አንዱ የእኛ፣ ሌላው የፈረንጅ አቆጣጠር ቢሆንስ?"

ጎሽ! ጥቅምት 17 ቀን 1909 እና ኦክቶበር 27፣ 1916 ያው አንድ ቀን ናቸው። ያስደነገጡኝ "1916 ዓ.ም." ብለው የጻፉት ናቸው። በ1916 ዓ.ም. እኮ ንጉሡ በሕይወትም አልነበሩም! ደግሞ ንጉሡ ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽ እያዩ ያደጉ የደሴ ልጆች ናቸው። ጥፋቱ የኔም ነው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ካታሎግ ብቻ ሳወራ ከርሜያለሁ።