አንድ ወይስ ሁለት በቀቀን?

ዛሬ ሽምብጥ ወደሚኖሩ አንዲት እናት ቤት የሄድኩት አንድ በቀቀን ለመረከብ ነበር። ከባሕር ዳር ሊለቁ ስለሆነ ለሁለቱ በቀቀኖቻቸው የሚሆን ሰው ሲፈልጉ ሰንብተዋል፤ እኔም ለአንዱ ብቻ ቃል ገብቼላቸው ነበር።

የሽቦ ቤታቸው ፊት ስቀመጥ ግን ሐሳቤ ተናጋ። ግንባረ ቀዩ ወንድ አንገቱን ዘንበል ሲያደርግላት፣ ሴቷ በመንቆሯ ላባውን አንድ በአንድ ታበጥርለታለች፤ እሱም ዓይኑን ከድኖ ጸጥ ይላል። «ልጄ፣ ሲለያዩ እህል አይቀምሱም» አሉኝ።

የዚህ አረንጓዴ በቀቀን የትውልድ አገሩ ኢትዮጵያና ኤርትራ ብቻ ሲሆን፣ በጣና ዳርቻ ባሉ የሾላ ዛፎች ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲበር ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። እነዚህ ከዱር ተይዘው ቢሆን ኖሮ አልወስዳቸውም ነበር፤ ሁለቱም ግን በሰው ቤት የተፈለፈሉ ናቸው።

አንዱን ብቻ ብወስድ መንጋው እኔ ልሆን ነው፤ እኔ ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 11 ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ፣ ብቸኝነት የጠናበት በቀቀን ደግሞ የገዛ ላባውን እስከ መንጨት ይደርሳል። ጥንድ ከሆኑ እኔን ያን ያህል ላይለምዱኝ እንደሚችሉ ሳስብ ቅር ቢለኝም፣ ከ10 ዓመት በላይ ሊኖር የሚችልን ፍጡር ለእኔ ደስታ ብዬ ከጓደኛው መነጠል አልሆነልኝም።

ሁለቱንም እንደምወስድ ነግሬያቸው ተመለስኩ። አቮካዶ ለበቀቀን መርዝ ስለሆነ፣ አሁን ከመስኮቱ ሥር የነበረውን ቅርጫት ወደ ጓዳ አስገብቼ ቦታውን እያጸዳሁ ነው።