ብር ወረደ፣ ቡናችንስ?

«ብር ሲወርድ ላኪ ይጠቀማል» የሚለውን ነገር ሁላችንም ሸምድደነዋል። ውሸት አይደለም። በዶላር የሚሸጥ ሰው ሲመነዝር ብዙ ብር እጁ ይገባል፣ አለቀ። ግን ይህን የሚሉት ሰዎች የሚያወሩት ስለ መጠን ነው። ስንት ቶን ተላከ፣ ስንት ሚሊዮን ዶላር ገባ። ጆንያው ውስጥ ስላለው ቡና የሚጠይቅ ብዙም አልገጠመኝም። እኔን ደግሞ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ የድሮውን እናስታውስ። ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር ባንክ ውስጥ 57 ብር አካባቢ ነበር። ጥቁር ገበያ ላይ ከ110 ብር በላይ። ላኪው ካመጣው ዶላር 70 በመቶውን ለብሔራዊ ባንክ፣ 10 በመቶውን ለራሱ ባንክ በባንክ ዋጋ ያስረክብና 20 በመቶው ይቀርለታል። ያቺ 20 በመቶ ናት ጨዋታው። በእሷ ብረት፣ መለዋወጫ፣ መኪና፣ የተገኘውን ሁሉ አስመጥቶ አገር ውስጥ በጥቁር ገበያ ስሌት ይሸጣል። ስለዚህ ቡናውን በኪሳራ መላክ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። አገር ውስጥ በውድ ይገዛል፣ ውጭ በርካሽ ይሸጣል፣ ኪሳራውን በሚያስመጣው ዕቃ ያወራርዳል። በዘርፉ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም።

እንዲህ ዓይነቱ ነጋዴ ሲገዛ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ስንት ኩንታል አለህ? መቼ ይደርሳል? ቀማሹ ለጥራቱ ከመቶ 82 ነጥብ ሰጠው 87 ሰጠው ግድ የለውም። የሚያሳዝነው ግን ከጎኑ ያለው ሰው ነው። በቡናው ብቻ የሚኖር፣ ቀይ እሸት የሚያስለቅም፣ ማድረቂያ አልጋው ሥር ውሎ የሚያድር ላኪ ግዢ ላይ ከዚህ ሰውዬ ጋር እንዴት ይወዳደራል? አይችልም። በሐቀኛ ሒሳብ የሚሠራው ሰው ነው ከገበያ የሚወጣው።

ታዲያ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ይህ ጨዋታ መቆም ነበረበት። በእርግጥ ላልቷል። የሁለቱ ገበያ ልዩነት ጠበበ፣ ለብሔራዊ ባንክ ማስረከብ ቀረ፣ ላኪው 50 በመቶውን እንዲያስቀር ተፈቀደለት። በዚህ በኩል እኔ ለውጡን ደጋፊ ነኝ፣ አልደብቅም። አስመጪነትን በቡና የሸፈነ ሥርዓት ቡናውን ሊያሳድገው አይችልም ነበር።

ችግሩ ሌላ ነው። ነገሩን በምሳሌ ላስቀምጠው፤ ቁጥሮቹ የኔ ናቸው፣ ለስሌት ብቻ። ተራ ቡና በኪሎ 4 ዶላር፣ ጥሩው 6 ዶላር ይሸጣል እንበል። አዘጋጅቶ ጅቡቲ ለማድረስ ተራው 250 ብር፣ ጥሩው 310 ብር ይፈጃል እንበል። ዶላር 57 ብር እያለ ተራው 228 ብር ያመጣል፣ ይከስራል። ጥሩው 342 ብር ያመጣል፣ ያተርፋል። አሁን ዶላሩን 120 ብር አድርጉት። ተራው 480፣ ጥሩው 720። ጥሩው አሁንም ይበልጣል፣ እንዲያውም በብር ሲታይ ልዩነቱ ሰፍቷል። ግን ተራውም አዋጣ! ድሮ የአስመጪነት ትርፍ ይሸፍንለት የነበረውን ኪሳራ አሁን ምንዛሪው ራሱ ሸፈነለት። «ካላሻሻልኩ እወድቃለሁ» የሚለው ጭንቀት ጠፋ። ወጪው ሮጦ እስኪደርስበት ድረስ ማንም መልካም ቡና ለማዘጋጀት አይጣደፍም።

«ልዩነቱ ከሰፋ ግን ጎበዙ አይበረታታም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። በወረቀት ላይ አዎ። መሬት ላይ ግን ገንዘብ ያጥረዋል። 1 ኪሎ የታጠበ ቡና ለማውጣት 6 ኪሎ ገደማ እሸት ያስፈልጋል፤ እሸት ደግሞ በየቀኑ በጥሬ ብር ነው የሚገዛው። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ፤ በ2017 ታኅሣሥ ላይ ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። የእሸቱ ዋጋ ግን የጨመረው በ14 በመቶ ብቻ አይደለም። የምንዛሪው ለውጥና የዓለም ዋጋ አንድ ላይ ተደርበው ሰቅለውታል። ስለዚህ ማጠቢያ ጣቢያው ባለፈው ዓመት ይገዛ የነበረውን ያህል እሸት ለመግዛት የሚያስፈልገው ብር በጣም ከፍ ሲል፣ የሚያገኘው ብድር ግን ያን ያህል አላደገም።

ብር ያጠረው ጣቢያ ምን ያደርጋል? ቶሎ ሸጦ ቶሎ ይገዛል። እዚህ ላይ ነው ቡናው የሚጎዳው። የታጠበ ቡና አልጋ ላይ እንደ አየሩ 10፣ 15 ቀን ይፈልጋል። በስሱ ይሰጣል፣ በየጊዜው ይገላበጣል፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲበረታና ሌሊት ይሸፈናል፣ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ዝቅ ሲል ይነሳል። የቸኮለ ሰው አንድም አልጋው ላይ ይቆልለዋል፣ ከላይ ደርቆ ከታች ይረጥባል፣ ይሻግታል፤ አንድም ፀሐይ ላይ አስጥቶ ያነደዋል። የነደደው ቡና ሲቀመስ ለጊዜው ደህና ይመስላል። ተንኮሉም እዚያ ጋ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ጃፓን ወይ ጀርመን ሲደርስ መዓዛው ጠፍቶ ወረቀት ወረቀት ይላል። ገዢው ለቀጣዩ ዓመት የሚወስነው በዚያ ሲኒ ነው።

ገበሬውም ቢሆን የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። ዋጋው በየቀኑ ሲወጣ ሌባውም በየማሳው ይወጣል፤ ሌት ተቀን ዛፍ ሥር ተኝቶ ከመጠበቅ አረንጓዴውንም ቀዩንም ሸምጥጦ መሸጥ ይቀላል። ሰብሳቢው እንደሆነ አይለይም። ለቀይም ለአረንጓዴም አንድ ዋጋ ነው፣ ምክንያቱም ካልገዛው ሌላው መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቃል። የመፈልፈያ ማሽን መለዋወጫው፣ የጥላ መረቡ፣ እርጥበት የማያስገባው ከረጢት፣ ሁሉም በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነው። ጣቢያው «ለከርሞ» ይላል።

ሌላው ደግሞ ቡናውን ሳይሸጡ መያዝ ነው። ብር ይወርዳል ብሎ የሚያምን ሰው ብር አያስቀምጥም፣ ቡና ያስቀምጣል። ጀንፈል፣ ማለትም ሳይፈለፈል የደረቀ ቡና፣ ቤቱ የሚያኖር ገበሬ ላይ አልፈርድም፤ ባንክ ካለው ብር ይልቅ ዋጋውን ይጠብቅለታል፣ ቡናውም ከነቅርፊቱ ስለሆነ የተሻለ ይቆያል። ተፈልፍሎ እርጥበት ያለበት መጋዘን ውስጥ ወራት የሚከርመው ግን ቀለሙም ጣዕሙም ይሄዳል። እሱን ከአዲሱ ምርት ጋር የሚቀላቅሉት አሉ፣ እናውቃቸዋለን። ሰሊጥ ላይም ያው ነው፤ የሁመራ ነጭ ሰሊጥ በመዓዛው የሚፈለግ ሆኖ ሳለ የተጣደፈ ነጋዴ ከሌላ አካባቢ ሰሊጥ ጋር ይደባልቀዋል።

እስቲ አገር አቀፍ ቁጥሩን እንየው። በ2016 በጀት ዓመት 300 ሺህ ቶን ገደማ ቡና ተልኮ 1.43 ቢሊዮን ዶላር ተገኘ። በ2017 ወደ 470 ሺህ ቶን፣ 2.65 ቢሊዮን ዶላር። ትልቅ ድል ነው፣ ማንም አይነሳንም። አካፍሉት ግን። በኪሎ ከ4.8 ዶላር ወደ 5.6 ዶላር አካባቢ ነው የሄደው። በዚያው ዓመት የኒውዮርክ ገበያ የአረቢካ፣ የኛ ዓይነት ቡና፣ ዋጋ ከዓመት በፊት በፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) 2 ዶላር አካባቢ የነበረው በየካቲት 2017 ከ4 ዶላር በላይ ወጥቷል። ልዩነቱ ሁሉ የጥራት ነው አልልም፤ ቀድሞ የተፈረመ ውል አለ፣ በኮንትሮባንድ ይወጣ የነበረ ቡና ወደ ሕጋዊ መንገድ መመለሱም የሚቀር አይመስለኝም። ግን ዓመቱን ያሳመረው ብዛቱ መሆኑ ግልጽ ነው።

ብዛት ላይ ደግሞ ብራዚልን አንችላትም። እነሱ ሰፊ እርሻቸውን በማሽን ይለቅማሉ። ሬያላቸው ሲወርድ ገበሬያቸው በገፍ ይሸጣል፣ የኒውዮርክ ዋጋ ይወርዳል፣ የኛም ቡና በዚያ ዋጋ ላይ ተደምሮና ተቀንሶ ስለሚሸጥ ብራዚል ውስጥ የሆነው ነገር ይርጋጨፌ ድረስ ይመጣል። የኛ የምንለው ያ ለጥራት የሚደመረው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ በምንዛሪ አይመጣም፣ በሲኒ ነው የሚመጣው።

እኔን በጣም የሚያበሳጨኝ የክፍያው ጊዜ ነው። የኪሎው ዋጋ ዛሬ ይከፈላል፣ የጥራቱ ዋጋ ከወራት በኋላ። የገበሬ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ቡናው ከተሸጠ በኋላ ለአባላቸው ሁለተኛ ክፍያ ይከፍላሉ፤ አሠራሩ ራሱ ጥሩ ነው። ብር በሚወርድበት ዓመት ግን ያ ክፍያ ገበሬው እጅ ሲገባ ጉልበቱ ቀንሷል። ቀይ ለቅሞ የጠበቀው ሰው ሸምጥጦ ከሸጠው ጎረቤቱ ያን ያህል አይሻልም። ጎረቤቱ እንዲያውም በዚያው ሳምንት በሬ ገዝቶበታል።

ስለዚህ የጥራቱ ጭማሪ፣ ከፊሉ እንኳ፣ እሸቱ በተመዘነበት ቀን ሚዛኑ ሥር ቢከፈል ብዬ አስባለሁ። ቀዩ ተለይቶ በሌላ ዋጋ። ይህን ለማድረግ ጣቢያው በመኸር ወራት ብር ይፈልጋል፣ ባንኮችም ለዚያ ለሦስት አራት ወር የሚሆን ብድር ለብቻው ማስቀመጥ አለባቸው። የብድር ጣሪያውን ሲያስተካክሉ ይህን የመኸር ብድር ከቁጥሩ ውጭ ቢያደርጉት ማንን ይጎዳል? የባንክ ሰዎች ካላችሁ ንገሩኝ፣ በእውነት መስማት እፈልጋለሁ።