ጥላው ለማሽኑ ነው

የቅየሳ ሥራ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ቶታል ስቴሽን (ርቀትና ማዕዘን የምንለካበት ማሽን) ከተተከለ ከላዩ ዣንጥላ ይያዝለታል። ፀሐይ ሲያገኘው ልኬቱ ይዛባላ! ዋጋውም የዋዛ አይደለም። እኔ ከጎኑ ስቆም ግን ጥላ የሚይዝልኝ የለም፣ ያውም ሶሪያሲስ የሚባል የቆዳ በሽታ እያለብኝ።

ከያዘኝ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ክርኔ፣ ጉልበቴና ወገቤ ላይ ወፍራም፣ የሚቀረፈፍ ነገር ነው። (አይተላለፍም። ይህን ለስንት የምሳ ጓደኛ እንዳስረዳሁ እኔ ነኝ የማውቀው።) አንድ ቀጠሮ ላይ ዶክተሯ «ትንሽ ትንሽ ፀሐይ ይጠቅምሃል» አለችኝ። «ትንሽ ትንሽ» የምትለዋን እዚያው ጥያት ወጣሁ።

ክረምቱን ቢሮ ውስጥ ከርሜ ጥቅምት ላይ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ለመንገድ ቅየሳ ወጣን። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱ ደግሞ ብርድ ብርድ የሚል። እንዲህ ያለ ቀን ፀሐይ ያቃጥላል ብሎ ማን ያስባል? ሸሚዜን አውልቄ እጅጌ በሌለው ካናቴራ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ቆምኩ። ማሽኑ የሚያነጣጥርበትን መስታወት፣ ፕሪዝሙን፣ የሚይዝልኝ የአካባቢው ልጅ «ኧረ ኢንጅነር፣ ልብስዎን ይደርቡ» ቢለኝ «ሕክምና ላይ ነኝ» ብዬ ቀለድኩበት።

ማታ አንሶላው ትከሻዬን ሲነካኝ ዘለልኩ። ቆዳዬ ጥቁር ስለሆነ አልቀላም፣ ግን ተወጥሮ ይፋጃል። ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይነካውም የሚባለው ውሸት መሆኑ የገባኝ ያን ሌሊት ነው። ያከራዩኝ እናት «ምች ነው ልጄ» ብለው ዳማከሴ ጨምቀው በቡና ሰጡኝ፤ ጠጣሁ። ትከሻዬንም ልሽህ ሲሉኝ ግን እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። በአራተኛው ቀን ተላጠ፣ አለፈልኝ ብዬ ረሳሁት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሶሪያሲስ ነክቶት የማያውቀው ትከሻዬ ላይ አዲስ ወጣ። የት ላይ እንደቆመ ታውቃላችሁ? ልክ የካናቴራው ጠርዝ ላይ። በማሽን ተለክቶ ችካል የተመታበት ድንበር ነው የሚመስለው።

ዶክተሯ አይታው ብዙም አልገረማትም። የሶሪያሲስ ሰው ቆዳው ከተጎዳ፣ ጭረትም ይሁን ቃጠሎ፣ በሽታው እዚያው ሊወጣ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ከ10 እስከ 20 ቀን ቆይቶ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነገሩን በገለጸው ጀርመናዊ ሐኪም ስም የኮብነር ክስተት ይሉታል። ቀጥላ «ምን መድኃኒት ስትወስድ ነበር?» አለች። ለካ ያን ሰሞን ለሌላ ሕመም የታዘዘልኝ ዶክሲሳይክሊን ራሱ ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል! ብርዱ ደግሞ እንዴት እንደሸወደኝ ነገረችኝ። የሚያቃጥለው ሙቀቱ ሳይሆን አልትራቫዮሌት ጨረሩ ነው፣ እሱ ደግሞ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የከፍታ ነገር ለቀያሽ ይነገረዋል? አፈርኩ።

ፀሐዩን አልተውኩትም፤ ያው ጨረር እኮ ነው በልክ ሲሆን የቆዳውን ሕዋሳት ፈጣን መራባት የሚያረጋጋው። አሁን ማለዳ ላይ፣ ያመመኝን ቦታ ብቻ ገልጬ፣ ከአምስት ደቂቃ ጀምሬ በየጥቂት ቀኑ ትንሽ እጨምራለሁ። መቅላት ለእኔ ምልክት ስላልሆነ፣ ማታ ሞቅ ካለኝ ወይም ከተወጠረብኝ በማግስቱ የለም። ከዚያ ሙሉ እጅጌ ሸሚዝና ባርኔጣ፤ ፊቴና አንገቴ ላይ የመከላከል ቁጥሩ (SPF) 30 የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ በየሁለት ሰዓቱ። ቅባቱ ኪስ ይጎዳል፣ ሸሚዙ ግን አንዴ ተገዝቷል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ዣንጥላ ልጠይቅ ንብረት ክፍል ሄድኩ። ኃላፊው ወረቀቱን ገልበጥበጥ አድርጎ «ስንት ማሽን ነው ያለህ?» አለኝ።

«አንድ።»

«ታዲያ ሁለት ጥላ ምን ያደርግልሃል?»