ጅሬን ላይ እንጨት የጠረቡት እጆች

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወልቂጤን አለፍን፣ ጊቤን ወርደን ወጣን፣ ደረስን። ሌሊቱ ግን አይረሳኝም። ካረፍኩበት ፔንሲዮን ሥር ጭፈራ ቤት አለ፤ እስከ ስምንት ሰዓት አልጋው ሲነዝር ቆየ። ጠዋት ደግሞ ሒሳቤ ላይ ያልጠጣሁት ውሃ ተጨምሮ አገኘሁ። በጣም ነው የተናደድኩት።

ንዴቴ የበረደው ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ስደርስ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙ ንጉሥ ናቸው። አስጎብኚው ስለሳቸው ብዙ ነገረን፤ የኔ ዓይን ግን ከሰገነቱ እንጨት አልነቀል አለ። ሰው እንዳይወድቅ እኮ ተራ ጣውላ ይበቃ ነበር! አንድ ሰው ግን ቁጭ ብሎ ፈለፈለው፣ አስጌጠው። የንጉሡን ስም ሁላችንም እናውቃለን፣ የሱን ማን ያውቃል?

እዚያው አንድ ምሰሶ ላይ በሚስማር የተጫረ ስም አየሁ። ፍላጎቱ ይገባኛል። ደቡብ አፍሪካ፣ ብሎምቦስ ዋሻ ውስጥ ከ73,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰው ድንጋይ ላይ በቀይ አፈር መስመር አስምሯል፤ ሆዱን የማይሞላለትን ነገር። ግን እሱ ባዶ ድንጋይ ላይ ነው ያሰመረው። ይሄኛው የሌላ ሰው ልፋት ላይ ነው የቧጠጠው፣ ያ ነው ያበሸቀኝ።

ከተማ ስመለስ በርጩማ የሚጠርቡ አባት ጋ ቆምኩ። የጅማ በርጩማ መቀመጫውም ሦስቱም እግሮቹ ከአንድ ግንድ ነው የሚወጡት፤ ሚስማር የለ፣ ማጣበቂያ የለ። አንድ እግር ከተሰበረ የስንት ቀን ሥራ ማገዶ ሆነ ማለት ነው። አንዱን ገልብጬ ሳይ ከሥሩ ሁለት ትንንሽ ጭረቶች አሉ።

«አባባ፣ ይሄ ምንድነው?»

«የኔ ምልክት ነው ልጄ። ሰው ቤት ሳገኘው እንድለየው ነዋ።»

ከዚያ በኋላ ዋጋ መከራከር አልቻልኩም፤ የጠሩትን ከፈልኩ። ጅማ ከሄዳችሁ ቤተ መንግሥቱን አይታችሁ ብቻ እንዳትመለሱ፣ ጠራቢዎቹም ጋ ጎራ በሉ። በርጩማ ከገዛችሁ ደግሞ የሠራውን ሰው ስም ጠይቁትና ከሥሩ ራሱ እንዲጽፍበት አድርጉ።